የፍራፍሬ ተክሎች የውሃ ጥምና የአየር ንብረት ለውጥ



በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው የመጀመሪያው መኖሪያ የፍሬ ዛፎች የሞሉበት ገነት እንደ ነበረ፣ ያችንም ገነት የሚያጠጣ ወንዝ ከዔድን ይወጣ እንደ ነበር እናነባለን (ዘፍ. 2፥8-10)። ሰውም በዚያ የተቀመጠው መሬቲቱን እንዲያለማና እንዲንከባከብ ነው (ዘፍ. 2፥15)። እንግዲህ የፍሬ ዛፍ፣ ውሃና የሰው ኀላፊነት ከቅዱስ መጽሐፍ መጀመሪያ አንሥቶ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም አቮካዶ በመስኖ በሚለማበት አካባቢ ሁሉ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ቦዩ ያው ነው፤ ማሳውም ያው ነው፤ ታዲያ የቀድሞው ውሃ ዛሬ ለምን አልበቃ አለ?» የሚል ነው። አንዳንዱ ጥፋቱን በጎረቤቱ ላይ ያደርጋል፤ አንዳንዱ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የዚህ ትምህርት ዓላማ በመጀመሪያ የነገሩን ምክንያት በቀላል ስሌት ማስረዳት፣ ቀጥሎም በዚህ ጉዳይ ከክርስቲያን የሚጠበቀውን ማመልከት ነው። ለምሳሌነት የዐርባ ምንጭን የሙዝ ማሳዎች እንወስዳለን።

1. ምሳሌ የሚሆነን ስፍራ

ዐርባ ምንጭ በጋሞ ተራሮች ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚመሰክረው ከተራራው ሥር ምንጮች ይፈልቃሉ። ከጨንቻ ደጋ የሚነሣው የሐሬ ወንዝ ወደ አባያ፣ የኩልፎ ወንዝ ደግሞ ወደ ጫሞ ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸውም የቆላውን ማሳ ያጠጣሉ። በዚህ ቆላ ቀድሞ ጥጥና በቆሎ ይበዙ ነበር፤ ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ሙዝ ስፍራቸውን ወስዷል፤ በአዲስ አበባ ገበያ ከሚሸጠው ሙዝም ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጥላል፤ ዋናው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ግን ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሐዩ ይበረታል፤ ወንዙም ይቀንሳል። በቆሎ ዘርቶ የሚያጭድ ገበሬ በእነዚህ ወራት ማሳውን ሊያሳርፍ ይችላል። ሙዝ ግን ዕረፍት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ሥሩም አብዛኛው በላይኛው የአፈር ክፍል የተሰራጨ ስለ ሆነ ከጥልቅ ስቦ ሊጠጣ አይችልም። ስለዚህ ውሃው በሚያንስበት ወራት ጥሙ ይበዛል።

2. ተክል ውሃን ለምን ይጠጣል?

ተክል ከሚጠጣው ውሃ በገላው የሚያስቀረው እጅግ ጥቂቱን ነው። የሚበዛው በቅጠሉ ገጽ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። በእነዚሁ ቀዳዳዎች አየር ይገባል፤ ተክሉም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ምግቡን ያዘጋጃል። ደግሞም እኛ ሲያልበን ሰውነታችን እንደሚቀዘቅዝ፣ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ቅጠሉን ከመቃጠል ያድነዋል። ከዚህ ሌላ ከአፈሩ ገጽ በቀጥታ የሚተን ውሃ አለ። የሁለቱ ድምር «የተክሉ የውሃ ፍላጎት» ይባላል።

ይህን ፍላጎት የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የፀሐይ ብርታት፣ የአየሩ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበትና ነፋስ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው 56ኛ የመስኖና የውሃ ማንጣፈፍ መመሪያ አራቱን አጣምሮ የሚያሰላ ዘዴ አቅርቧል። በዚህ ዘዴ በመጀመሪያ ውሃ ያልጎደለበት አጭር ሣር በስፍራው አየር በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚያጣ ይሰላል። ከዚያም የተገኘው መጠን ለየተክሉ በተመደበ ቍጥር ይባዛል። ቍጥሩ ለጎለመሰ ሙዝ 1.2፣ ለአቮካዶ 0.85፣ ለብርቱካን ደግሞ 0.7 ገደማ ነው። ይህም ማለት ሙዝ ከሣሩ አብልጦ፣ ብርቱካን ከሣሩ አሳንሶ ይጠጣል ማለት ነው።

ለምሳሌ በአንድ ቀን የሣሩ ትነት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሙዙ ፍላጎት 5 በ1.2 ተባዝቶ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 10 ሜትር ኩብ ስለ ሆነ፣ ሩብ ሄክታር ሙዝ ያለው ገበሬ በቀን 15 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 75 በርሜል ውሃ ያስፈልገዋል።

3. ሙቀት ሲጨምር ምን ይለወጣል?

የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የምድር ገጽ አማካይ ሙቀት ከ1850-1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ ማለቱን አረጋግጧል። አንድ ዲግሪ ጥቂት ይመስላል። ይሁን እንጂ ለተክሎች የሚያደርገውን እንመልከት።

ሀ) አየሩ የበለጠ ውሃ ይስባል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት 17 ግራም ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ግን 30 ግራም ይደርሳል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቍጥር አየሩ የመያዝ ዐቅሙ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያድጋል። በአየሩ ያለው እርጥበት በዚያው ልክ ካልጨመረ፣ ጎደሎው ከቅጠሉና ከአፈሩ ይሳባል። የሌሎቹን ነገሮች ለውጥ ትተን በሙቀት ብቻ ብናሰላ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ የተክሉ የውሃ ፍላጎት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይጨምራል።

ለ) ዝናቡ ይዛባል። ሙቅ አየር ብዙ እንፋሎት ስለሚይዝ ዝናቡ ሲመጣ በኀይል ይወርዳል፤ በሁለት ዝናብ መካከል ያለው ድርቅም ይረዝማል። በአንድ ቀን የወረደ ኀይለኛ ዝናብ በመለኪያ ላይ ብዙ ቢሆንም፣ የሚበዛው አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል እንጂ ሥሩ ዘንድ አይቈይም። ስለሆነም በዓመቱ የወረደው ዝናብ ሳይቀንስ ለተክሉ የሚጠቅመው ዝናብ ሊቀንስ ይችላል። በሀገራችን ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ማነሳቸውን እናስታውሳለን። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ያንን ድርቅ ያበረታው የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ሙቀት ያበዛው ትነት ጭምር መሆኑን አሳይተዋል።

ሐ) ተቃራኒ የሆነ ነገርም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ በአየሩ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች በጥቂቱ አጥብቦ ውሃ ሊቈጥብ ይችላል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ያህል የነበረው ይህ ጋዝ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ነገር ግን ቀዳዳው ሲጠብ ቅጠሉ ይሞቃል፤ ተክሉም ብዙ ቅጠል ሲያወጣ የቈጠበውን መልሶ ያወጣል። ስለዚህ ይህን ተስፋ አድርገን ልንቀመጥ አይገባም።

4. ጥቂቱ ጭማሪ በቦዩ ላይ ለምን ይበዛል?

የትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ስለ ሆነ በትዕግሥት እንከተለው። መስኖ የሚሞላው ጎደሎን ነው። የመስኖ ውሃ ማለት ተክሉ ከሚፈልገው ላይ ዝናብ የሰጠው ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ለአብነት አንድ የሙዝ ማሳ በዓመት 1600 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል እንበል። ከዝናብ 700 ቢያገኝ፣ ከመስኖ የሚፈልገው 900 ነው።

ሙቀት በ2 ዲግሪ ጨምሮ ፍላጎቱ በ5 በመቶ ቢያድግ 1680 ይሆናል። ዝናቡ ባይለወጥ እንኳ ከመስኖ የሚፈለገው 980 ይሆናል፤ ጭማሪው 9 በመቶ ያህል ነው። ከዚህ ጋር የሚጠቅመው ዝናብ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ ማለት 700 የነበረው 630 ቢሆን፣ ከመስኖ የሚፈለገው 1050 ይደርሳል። እነሆ፣ በተክሉ ላይ 5 በመቶ የነበረው ጭማሪ በቦዩ ላይ 17 በመቶ ሆነ።

በዚህም አያበቃም። ከወንዝ ከተጠለፈው ውሃ እኩሌታው በአፈር ቦይ ውስጥ ሰርጎና ፈስሶ የሚቀር ከሆነ፣ ለተክሉ 900 ለማድረስ 1800 መጥለፍ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን 2100 መጥለፍ ግድ ነው። ልዩነቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሄክታር 3000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። «ቦዩ ያው ነው፤ ማሳውም ያው ነው፤ ለምን አልበቃ አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ቦዩና ማሳው ያው ቢሆኑም በሁለቱ መካከል ያለው ጎደሎ ሰፍቷል።

5. ጭማሪው በማን ላይ ይወድቃል?

እስካሁን የተናገርነው የሒሳብ ነገር ነበረ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን የኅሊና ነገር ነው። ዐሥር ገበሬዎች በአንድ ቦይ ላይ በተርታ ይኖራሉ እንበል፤ ውሃውም ለዐሥሩ እኩል ይበቃ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ 17 በመቶ ተጨማሪ ያስፈልገዋል፤ የቦዩ ውሃ ግን አልጨመረም። በቦዩ ራስ ያሉት ስምንቱ እንደ ፍላጎታቸው ጨምረው ቢወስዱ፣ በቦዩ ጫፍ ላሉት ሁለቱ የሚቀረው ከቀድሞ ድርሻቸው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ስምንቱ አንዳች ጉዳት አይሰማቸውም፤ የሁለቱ ማሳ ግን ይደርቃል። በቦዩ ጫፍ የሚገኙትም ብዙውን ጊዜ ዐቅመ ደካሞች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና መሬት ዘግይተው ያገኙ ወጣቶች ናቸው።

ያው ውሃ ለዐሥሩ እኩል ቢከፈል ግን እያንዳንዱ ከሚያስፈልገው 85 በመቶውን ያገኛል። የሚጎድለው 15 በመቶ ነው፤ ይህም ከዚህ በታች እንደምንመለከተው በትጋት ሊካካስ የሚችል ነው። እንግዲህ የተካፈሉት ጥም ዐሥሩንም አይገድልም፤ ያልተካፈሉት ጥም ግን ሁለቱን ያጠፋል። ሙቀቱን ያመጣው የእኛ ቦይ አይደለም፤ የሙቀቱን ሸክም በማን ላይ እንደምንጥል ግን የምንወስነው እኛ ነን።

አባቶቻችን እንደሚተርኩት ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ይጠጡ ነበር። ጅቡም «ውሃውን አታደፍርሽብኝ» ቢላት፣ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። ከላይ ያለ ሰው ከታች ያለውን ለመውቀስ ምክንያት አያጣም። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው እውነተኛ ቃልም በቦዩ ራስ ባለ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ማመኻኛ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ይስሐቅን ያስተምረናል። የጌራራ እረኞች በጕድጓዶቹ በተጣሉት ጊዜ የመጀመሪያውን ኤሴቅ፣ ሁለተኛውን ስጥና ብሎ ጠራቸው፤ ስማቸውም ጠብንና ጠላትነትን ያመለክታል። ጠብ ያልተነሣበትን ሦስተኛውን ጕድጓድ ግን ርኆቦት አለው፤ አሁን እግዚአብሔር አሰፋልን ሲል ነው (ዘፍ. 26፥19-22)። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም የፍጥረት በረከት ለሰው ዘር ሁሉ የታሰበ መሆኑን (ቍ. 2402)፣ ፍጥረትን ስንጠቀምም ለባልንጀራችንና ለመጪው ትውልድ ማሰብ እንደሚገባን (ቍ. 2415) ያስተምራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት ከፈጣሪ ጋር ያለንን ሰላምና ከፍጥረት ጋር ያለንን ሰላም አንድ አድርገው አስተምረዋል። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ውሃ በተለይ ጽፈው፣ የድኾች የውሃ እጦት የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን አስገንዝበዋል።

6. ምን እናድርግ?

በሉቃስ ወንጌል ፍሬ ያጣችው በለስ ልትቈረጥ ሳለ፣ የአትክልቱ ሠራተኛ አንድ ዓመት እንዲታገሣት ጌታውን ለመነ፤ ዙሪያዋን ሊኰተኵትና ፍግ ሊያደርግላት ቃል ገባ (ሉቃ. 13፥6-9)። ልመናውን ከሥራ ጋር አስተባበረ። እኛም እንዲሁ ልናደርግ ይገባናል።

አንደኛ፣ ቦይ ከመክፈታችን በፊት አፈሩን እንመርምር። አንድ ክንድ ያህል ቈፍረን አፈር በእጃችን እንጨብጥ። ተጨብጦ የሚጸና፣ መዳፍንም የሚያረጥብ ከሆነ ውሃው ይቈይ፤ የሚፈረፈር ከሆነ እናጠጣ። ብዙ ውሃ ከልማድ የተነሣ ያለ ፍላጎት ይፈስሳል።

ሁለተኛ፣ አፈሩን በጉዝጓዝ እንሸፍን። በፋኦ መመሪያ እንደ ተገለጸው፣ ከማሳው ገጽ እኩሌታው በደረቅ ቅጠልና በገለባ ቢሸፈን ከአፈሩ የሚተነው ውሃ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ በተለይ ቅጠሉ መሬቱን ገና ባልሸፈነው ለጋ ማሳ ይጠቅማል። የሙዙ ቅጠልና ግንድ ራሱ መልካም ጉዝጓዝ ነው። በአጠውልግ በሽታ የተያዘ ተክል ግን ለዚህ አይውልም፤ የተቈረጠበትም ቢላዋ በእሳት ሳይጸዳ ሌላውን ተክል አይንካ።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጉድጓድ ላይ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ብቻ ይቅሩ፤ ሌላው ቍጥቋጥ ይነሣ። የማያፈራ ቅጠል ሁሉ ውሃ ይጠጣልና።

አራተኛ፣ ቦዩን በጋራ እንጥረግ፤ የሚያፈስበትንም እንድፈን። እኩሌታው የሚባክን ከሆነ፣ ከብክነቱ ጥቂቱን ማዳን አዲስ ምንጭ እንደ ማግኘት ነው። ያለ ልክ ማጠጣትም ጉዳት አለው፤ ውሃ በማይንጣፈፍበት መሬት ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ሥሩን ያበላሻል።

አምስተኛ፣ ማሳውን ሁሉ ሙዝ አናድርገው። የማንጎ ሥር ጥልቅ ስለ ሆነ ድርቅን ይታገሣል፤ ከማበቡ በፊትም ጥቂት የደረቀ ወቅት ይስማማዋል። ውሃ ዘግይቶ ለሚደርሰው የቦዩ ጫፍ እንዲህ ያለ ዛፍ ቢጨመር ስጋቱ ይቀንሳል።

ስድስተኛ፣ በበጋ ወራት የውሃው ተራ ከቦዩ ጫፍ ይጀምር። ይህ ሕግ ያለው ጉዳይ ነው፤ አዋጅ ቍጥር 841/2006 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በሕግ ሰውነት እንዲቋቋሙ ፈቅዷል። ምእመናን በማኅበሩ ስብሰባ ተገኝተው ስለ ጫፉ ይናገሩ። በተለይም በቦዩ ራስ ያለ ክርስቲያን ስለ ጫፉ ቢናገር ምስክርነቱ ታላቅ ነው።

ሰባተኛ፣ የቆላው ውሃ የሚጠበቀው በደጋው ነው። የጨንቻ ተዳፋት ሣርና ዛፍ ካጣ፣ የሐሬ ውሃ በክረምት ደራሽ፣ በበጋ ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ የቆላው ሰው ለደጋው ዛፍ ተከላ ጕልበቱን ቢያዋጣ የራሱን ምንጭ መጠበቁ ነው።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይን እንዲታይ አድርጉት። በሁለት ቆርቆሮዎች እኩል አፈር ሙሉ፤ እኩል ውሃም አጠጡ። አንዱን በደረቅ ቅጠል ሸፍኑ፤ ሁለተኛውን ራቁቱን ተዉት፤ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አኑሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጆች በጣታቸው ይዳስሷቸው። ቀጥሎም ዐሥር ልጆችን በተርታ አቁማችሁ አንድ እንስራ ውሃ ከፊተኛው ጀምሮ እየቀዱ እንዲያሳልፉ አድርጉ፤ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ምን እንደ ቀረም ይናገሩ። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፤

ሀ) በአካባቢያችን ቦይ ራስ ላይ ማን ነው? ጫፉ ላይስ ማን ነው?

ለ) ባለፈው በጋ የማን ማሳ ደረቀ? እኛ በዚያን ጊዜ ምን አደረግን?

ሐ) ከላይ ከተዘረዘሩት ሰባት ምክሮች በቁምስናችን በዚህ ሩብ ዓመት የትኛውን መጀመር እንችላለን?

መ) ይስሐቅ ሦስተኛውን ጕድጓድ «ርኆቦት» ብሎ እንደ ጠራው፣ የእኛም ቦይ ይህን ስም እንዲያገኝ ምን ይጎድለናል?

በመጨረሻም በአንድነት እንጸልይ። ምድርን በወንዞች ያጠጣህ አምላክ ሆይ፣ ዝናብህን በጊዜው ስጠን፤ የሰጠኸንንም ውሃ በዕውቀት እንድንጠቀምበት፣ በፍቅርም እንድንካፈለው ልብ ስጠን። በቦዩ ጫፍ ያለው ወንድማችንና እኅታችን ከእኛ ጋር ፍሬውን ይቅመሱ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።